በማዕረግ የሚጠፋ መብራት

የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ሳሙና አይወድም። ንጽሕና የሚመረትበት ቦታ ሁሉ ጓሮው እንዲህ ይሸት እንደሆነ አላውቅም፤ የእኛ ግን ይሸታል። ከቄራ የሚመጣው ሞራ በበርሜል ሆኖ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ይቀልጣል፣ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ጣሪያ ድረስ ይወጣና እዚያ ቀዝቅዞ ቀስ እያለ ይወርዳል። የበር እጀታ ላይ፣ ስልክ ላይ፣ ፋይል ላይ፣ አንገት ላይ። ጠዋት የለበስኩት ሸሚዝ አመሻሽ ላይ ሲወልቅ ያለ ሰው ድጋፍ የሚቆም ይመስለኛል። ለሠራተኛው በየወሩ አንድ ካርቶን ሳሙና በነፃ ይታደላል። እስካሁን ወስዶ የታጠበበት ሰው አላጋጠመኝም።

የመብራት ክፍሉ ከማብሰያው ጀርባ ነው፤ መስኮት የለውም። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ስድስት የብረት ፓነሎች ግድግዳ ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ የፋብሪካው ኃይል የሚገባው በአንዱ፣ የሚከፋፈለው በአምስቱ ነው። ቀለማቸው ግራጫ እንደሆነ ሰነድ ላይ ተጽፏል። እኔ ኢንጂነር ተብዬ ስቀጠር ያየሁት ግን የቆየ እርጎ የተቀባ የሚመስል ነገር ነበር። በጣቴ ጫር ባደርገው ጥፍሬ ሥር ቢጫ ሞራ ገባ፤ ከሞራው ጋር የዝንብ ክንፍ። የዚያን ቀን ምሳዬን ለግቢው ድመት ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየችኝና ሄደች።

እነዚህን ፓነሎች ሃያ ስድስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረው አጎቴ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም። አባቴ ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የጫማዬን ክር ያሰረልኝም፣ ሒሳብ ያስጠናኝም፣ «ይህቺ ልጅ መሐንዲስ ካልሆነች ጢሜን አልላጭም» ብሎ ሠፈሩን ያዞረውም እሱ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ሥራ ቦታ ላይ «ኢንጂነር» ሊለኝ ይጀምርና መሐል ላይ «አንቺ ልጅ» ይሆንበታል።

ጋሼ የሚኮራበት አንድ ጃኬት አለው። ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ ናይለን ነው፤ ደረቱ ላይ በቢጫ ክር «አንድ ሺህ ቀን ያለ ጨለማ» ተብሎ ተጠልፎበታል። ፋብሪካው የሸለመው ነው። ሠርግም ለቅሶም በእሱ ይሄዳል፤ ፓነል ፊትም የሚቆመው በእሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። በየፓነሉ ፊት፣ በመስታወት ክዳን ሥር፣ ሪሌ የሚባል ዕቃ አለ። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚያልፈውን ኃይል ይመለከታል፣ ከልኩ ሲያልፍ ብሬከሩን ማለትም ትልቁን ማብሪያ ማጥፊያ «ቁረጥ» ይለዋል። «ቁረጥ» ከማለቱ በፊት ምን ያህል እንደሚታገሥ የምትወስነው ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ባለ ቁጥር መዘውር ናት። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው እንዲህ ነው፤ ከሞተሩ አጠገብ ያለው ሪሌ ፈጥኖ ይቆርጣል፣ ከበላዩ ያለው ለጥቂት ብቻ ይጠብቃል፣ አንድ ሞተር ስለተበላሸ ፋብሪካው በሙሉ እንዳይጨልም። ከዚያ ያለፈ ትዕግሥት ጥቅም የለውም።

የስድስቱን መዘውሮች ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና አየሁት። ገልብጬም አየሁት። ከምንም ትምህርት ጋር አልገጥም አለኝ።

«ጋሼ፣ ይኼን ማን ነው የሞላው?»

ጋሼ ከበሩ ጀርባ በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ነቅሎ አመጣልኝ። ፕላስቲኩን በእጅጌው ጠረገው፤ ሞራው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ እንጂ አልጸዳም። ርእሱ «የመብራት መቋረጥ ቅደም ተከተል» ይላል። ማብሰያ ክፍል፣ ዜሮ ነጥብ አንድ ሰከንድ። ማሸጊያ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት። መጋዘን፣ ዜሮ ነጥብ አራት። የአስተዳደር ሕንፃ፣ አንድ ሰከንድ። የዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ አንድ ተኩል። ዋናው መግቢያ፣ ሁለት።

«በምን ተለክቶ ነው?»

ጥያቄዬ ገረመው። «በማዕረግ ነዋ። ሥራ አስኪያጅና ማሸጊያ እኩል ይጥፉ ነው የምትዪው?»

«ዋናው መግቢያስ? እሱ ምን ማዕረግ አለው?»

«እሱ ከጠፋ ሥራ አስኪያጁም ይጠፋሉ። ስለዚህ ከእሳቸው በላይ መታገሥ አለበት። እንዲያውም ሦስት ይሁን ያሉ ነበሩ። መዘውሩ ሁለት ላይ አለቀ።»

ታሪኩን የነገረኝም እሱ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ማሸጊያ ክፍል አንድ ሞተር ተቃጥሎ ግቢው ሁሉ ጨለመ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በዚያች ቅጽበት መጸዳጃ ቤት ነበሩ። መጸዳጃ ቤቱ መስኮት የለውም፤ ውኃውም የሚመጣው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ አንድ ዘበኛ ፋኖስ ይዞ ገባ። ያየውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም ይባላል፤ እኔ ግን ከአራት ሰው ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ሰውየውን «ፋኖስ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ በማግሥቱ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው የፕሮቶኮል ኃላፊው ነበር። እንግዳ በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሰው ኤሌክትሪክንም በዚያው ሥርዓት አስቀመጠው።

እዚህ ላይ መሳቅ ነበረብኝ። ሳቄን ያስቀረው የሐሙሱ ሥራ ነው።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ ብሬከሮቹ ከፓነላቸው እየተጎተቱ ሞራቸው ይጠረጋል፤ በየሐሙሱ አንድ አንድ። የመጀመሪያው የማሸጊያው ነው። ብሬከሩን በእጀታ እያዞረ የሚጎትተው ጋሼ ነው፤ ፊቱ ከፓነሉ አንድ ክንድ አይርቅም። ከብሬከሩ ጀርባ ያሉት የመዳብ ዘንጎች ደግሞ ኃይል እንደተሸከሙ ናቸው፤ ምክንያቱም እነሱን ማጥፋት ፋኖስን ማጥፋት ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ብሎን ቢወድቅ፣ አንድ እርጥብ ነገር ቢገባ፣ በሁለት መዳብ መሐል ያለው አየር ይቀጣጠላል። አርክ ይባላል። ይህን እሳት ማለት እሳትን ማሞገስ ነው። መዳቡ ራሱ ይተናል፤ የተነነው ይፈነዳል፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ደግሞ የሚተርፈው ወይም የማይተርፈው ዘንጎቹን የሚጠብቀው የዋናው መግቢያ ሪሌ በታገሠለት ጊዜ ልክ ነው። ወረቀት ይዤ አሰላሁት። በሁለት ሰከንድ ከጋሼ የሚተርፈውን ልጽፈው አልፈልግም። በስድስት መቶኛ ሰከንድ ግን ቅንድቡ ይቃጠላል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ለምሳ ይደርሳል።

ልዩነቱ አንዲት መዘውር ናት። ሥራው ሲጀመር ዝቅ፣ ሲያልቅ መልሶ ከፍ። ወጪ የለውም፣ ግዢ የለውም። ያለው አንድ ጣጣ ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት አንዳች ነገር ከተበላሸ ግቢው በሙሉ፣ ፋኖስም ጭምር፣ በአንዴ ይጠፋሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጥገና ኃላፊው ሄድኩ። ሠራተኛው «ቅባት» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ የትም ቦታ ቢጨብጡት ያመልጣል። ስገባ በእስክሪብቶ ክዳን ጆሮውን እየቆፈረ ነበር። ያወጣውን አየው፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ጠረገው፣ በዚያው እስክሪብቶ ሒሳቤ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመረ።

«ሁለት ሰከንድ ምን አላት?» አለኝ። «እኔ ሳስነጥስ ሦስት ይፈጅብኛል።»

«እርስዎ ሲያስነጥሱ መዳብ አይተንም።»

«ነገረኛ ነሽ።» ክዳኑን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። «ስሚኝ፤ ሒሳብሽ ትክክል ነው። እኔም ተምሬዋለሁ። ግን ይኼ ሰንጠረዥ የእኛ አይደለም፣ የፕሮቶኮል ነው። እነሱ የፈረሙትን እኔ ባፈርስ ነገ እነሱ የእኔን ወንበር ያፈርሳሉ።»

«ሐሙስ ዕለት ፓነሉ ፊት ይቁሙልኛ። ወንበር ይዘው።»

ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መለሰልኝ። የጣቱ አሻራ ሒሳቡ ላይ ቀርቷል፤ በአሻራው በኩል ወለሉን ማየት ይቻል ነበር።

ረቡዕ ፋኖስ ዘንድ ገባሁ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ በቀትር ዐሥር አምፖል በርቷል። ክፍሉ ሽቶ ተረጭቶበት ከሽቶው ሥር ሞራው እንደ ተቆጣ እንስሳ ይተነፍሳል። እጃቸውን እየታጠቡ ነበር፤ መታጠቢያው ላይ ያለው የውጭ አገር ፈሳሽ ሳሙና ነው። እንዳየሁት አዩኝና ጠርሙሱን በፎጣ ሸፈኑት።

«አጎትሽ ይፈራል?» አሉኝ ሁሉን ከነገርኳቸው በኋላ።

«አይፈራም። የምፈራው እኔ ነኝ።»

«እስካሁን ስንት ጊዜ ደርሷል?»

«አልደረሰም።»

«ታዲያ?»

«አንዴ ከደረሰ አጎቴ ሁለተኛውን አይቆጥርልዎትም።»

እጃቸውን ጣት በጣት አደረቁ። «የኔ ልጅ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ የጥራት ምስክር ወረቀት የሚሰጡን እንግዶች ይመጣሉ። ንግግር አደርጋለሁ። በንግግሬ መሐል መብራት ቢጠፋ ምን እባላለሁ?»

«እንግዲያው ጥገናው ለሌላ ቀን ይዛወር።»

«አይሆንም። ጥገናው በፕሮግራሙ ላይ ተይዟል። ሐሙስ አራት ሰዓት፣ የፓነል ጽዳት። ስንጠግን ሊያዩን ይገባል እኮ።»

መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ትልቅ ባትሪ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ስወጣ ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ፤ ሳቄን ለመደበቅ ስስል ፀሐፊዋ የምር መስሏት ውኃ ሰጠችኝ። ውኃው ላይ ቀጭን የሞራ ዓይን ተንሳፍፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሼን ልብስ መቀየሪያ ክፍል አገኘሁት። ለነገ ጃኬቱን እየወለወለ ነበር።

«ይኼን ነገ አትልበሰው» አልኩት።

«እንግዶች ያልፋሉ ተብሏል። በቱታ ይዩኝ?»

ከእጅጌው ጫፍ የተንጠለጠለ ክር ቆርጬ ክብሪት ለኮስኩበት። ክሩ ተኮማተረ፣ ጥቁር ጠብታ ሆነ፣ ወለሉ ላይ ጠብ ብሎ ተጣበቀ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጠብታውን በጫማው ጫፍ ነካው። ጫማው ላይ ተለጠፈ።

«ይኼ ክር ነው» አለ።

«ጃኬቱስ ከምን የተሠራ መሰለህ? ቆዳህ ላይ ነው እንዲህ የሚለጠፈው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በተራዬ መብራት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በስተርጅና በአንቺ ምክንያት ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም።»

«ስምህ ነው ያሳሰበህ?»

«ሌላ ምን አለኝ?»

አስጠላኝ፤ ፋኖስ አስጠላኝ፣ ቅባት አስጠላኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያሳደገኝ ሰው በናይለን ጃኬቱ ሲኮራ ማየት አስጠላኝ፤ ማስጠላቱም መልሶ ራሴን አስጠላኝ። ብዙ ተጨቃጭቀን ከሥር የጥጥ ቱታ እንዲለብስ አስማማሁት። ጃኬቱን ግን አልተወም።

ሐሙስ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ ወደ መብራት ክፍሉ ገባሁ። ጋሼ እጀታውን ዘይት እየቀባ ነበር። ወደ ዋናው መግቢያ ፓነል ሄጄ የመስታወቱን ክዳን የእርሳስ ማኅተም በፒንሳ ቆረጥኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«መዘውሩን እያዞርኩ።»

«ማን ፈቀደ?»

«ማንም።»

መዘውሯ በሞራ ተጣብቃ እምቢ አለችኝ፤ በካቻቢቴው ዙሪያዋን ፈቀፈቅኩት፣ የወጣውን በቱታዬ ጠረግኩት፣ መልሼ ሞከርኩ። ከሁለት ተነስታ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ስድስት መቶኛ ላይ ቆመች። ዞር ስል ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

«እኔ አላየሁም» አለ ለግድግዳው።

እንኳንስ እሱ፣ ግድግዳውም ያፈረ ይመስለኝ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ከግቢው ድምፅ ማጉያ የፋኖስ ንግግር ጀመረ። ጋሼም የማሸጊያውን ብሬከር አጥፍቶ እጀታውን ሰካና ማዞር ጀመረ። ብሬከሩ በሐዲዱ ላይ እያቃሰተ ስንዝር በስንዝር ወደኋላ መጣ። ከጀርባው አንድ የብረት መጋረጃ ራሱ መውረድና ቀዳዳውን መዝጋት አለበት፤ የመዳብ ዘንጎቹን የሚሸፍናቸው እሱ ነው። አልወረደም። የስንት ዓመት ሞራ ከላይ አጣብቆ ይዞታል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ እጁን ሳያስገባ፣ ይህን ያህል ጥንቃቄ አለው፣ በእንጨት ዘንግ የፓነሉን ጎን ኳ ኳ አደረገው።

የወረደው መጋረጃው አይደለም። አይጥ ነው። መቼ እንደሞተ የሚያውቀው የለም፤ በሞራ ተነክሮ ሻማ መስሏል፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ደርቋል፣ ጥርሱ ይታያል። በቀዳዳው አልፎ መዳቡ ላይ አረፈ።

የሰማሁት የብረት በር በጥፊ የተመታ ያህል አንድ ድምፅ ነው። ነጭ ነገር አየሁ፣ ከዚያ ምንም። ድምፅ ማጉያው «ድርጅታችን ለሠራተኛው ደኅንነት ከምንም በላይ ቅድ» ብሎ ተቆረጠ። ማብሰያው ቆመ፣ ማራገቢያው ቆመ። ፋብሪካው ጸጥ ሲል የሚፈላው የሞራ ድምፅ እንኳ እንዴት ጆሮ ውስጥ ይኖር እንደነበር ገባኝ።

«ጋሼ።»

በጨለማው እጄን ዘርግቼ ዳበስኩ።

«ጋሼ።»

ሳል ሰማሁ። «አለሁ» አለ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ «ሥራ አስኪያጁም ጋ ጠፋ እንዴ?»

የስልኬን መብራት አበራሁ። ቅንድብ የለውም። ግንባሩ እንደ ተቀቀለ ቀልቷል፣ የጃኬቱ የእጅጌ ጫፍ ተኮማትሮ ጠቁሯል፤ ከዚያ በታች ቱታው ደኅና ነው፣ እጁም ደኅና ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። የተቃጠለ ፀጉር፣ የተቃጠለ ሞራ፣ የተጠበሰ አይጥ፤ ሦስቱ ሽታ አንድ ሆኖ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ጥግ ይዤ አስመለስኩ። ጋሼ ጀርባዬን ይመታልኝ ነበር፤ የተቃጠለው እሱ፣ የሚታከመው እኔ።

ቅባት የስልኩን መብራት ወደፊት ዘርግቶ እየሮጠ ገባ። መብራቱ የጋሼ ፊት ላይ አላረፈም፣ በአጠገቡ አለፈ፤ ሄዶ ሄዶ ዋናው ሪሌ ላይ ቆመ።

«ይኼን ማን ነካው?» አለ።

ዓርብ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አጀንዳው ላይ የነገሩ ስም «ያልተፈቀደ ጨለማ» ይላል። አይጡ አልተጠቀሰም። ጋሼ ፊቱን በነጭ የቃጠሎ መድኃኒት ተለውሶ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ወደሱ የሚያይ የለም፤ ሽታው እንዳይነካቸው የፈሩ ይመስላሉ፤ በዚያ ቤት ሽታ የሚፈራ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«መዘውሩ ሁለት ላይ ቢሆን ኖሮ መብራቱ አይጠፋም ነበር ወይ?» ብለው ፋኖስ ጋሼን ጠየቁት።

«ይጠፋ ነበር፣ ጌታዬ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ።»

«እኔ የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር» አሉ ፋኖስ። ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «በሁለት ሰከንድ እጨርሰው ነበር።»

አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅባት ማስታወሻ ያዘ።

«ያ ሁለት ሰከንድ የእሱ ፊት ላይ ነው የሚያልፈው» አልኩ። «ንግግርዎ ሲያልቅ እሱም ያልቅ ነበር።»

«ኢንጂነርዋ ስሜታዊ ሆናለች» አለ የፕሮቶኮል ኃላፊው፣ ለእኔ ሳይሆን ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው።

ከዚያ ጋሼ ተነሣ። የሚናገረውን ጠበቅኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያልተናገረውን አሁን ይናገራል ብዬ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ፣ ቅንድብ በሌለው ፊቱ አንድ በአንድ እያያቸው። «በእኔ ተራ ጠፋ።» ተቀመጠ። ጥርሴን ነክሼ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእጅ አሻራ ስቆጥር ቆየሁ።

ሦስት ውሳኔ ተላለፈ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። መዘውሩ ወደ ሁለት እንዲመለስ። ሦስተኛውን ያመጣው ቅባት ነው፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው ቅጽ ሳይሞላና ኃላፊ ሳይፈርምበት መዘውር እንዳይነካ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሼ የማብሰያውን ፓነል ይከፍታል፤ እሱ በውሳኔ ሳይሆን በፕሮግራም ነው።

ቅጹን የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። በሥነ ሥርዓት አዘጋጀሁት። የፓነሉ ስም፣ ነባሩ ልክ፣ አዲሱ ልክ፣ ቀን። ከግርጌ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ «በዚህ ልክ ምክንያት ፓነሉ ፊት የቆመ ሠራተኛ ቢቃጠል ተጠያቂው እኔ ነኝ። ስም፣ ፊርማ።»

መዘውሩ ወደ ሁለት እንዲመለስ ብዬ ሞልቼ ሰኞ ጠዋት ለቅባት ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ አነበበው። እስክሪብቶውን አነሳ፣ ጆሮውን ቆፈረ፣ «ይኼን መስመር ማን አስጨመረ?» አለኝ።

«እርስዎ ኃላፊ ይፈርም አላሉም? የሚፈርመው ኃላፊነቱ ተጽፎለት ነዋ።»

«ስላቅሽን አውቀዋለሁ።»

«ያጥፉታ። ብቻ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለው ይፈርሙበት።»

ሊያጠፋው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አደረሰ፣ አነሳው። በመጨረሻ ጥግ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል ይቅረብ» ብሎ ወደ አስተዳደር ላከው። አስተዳደር «አስተያየት ይሰጥበት» አለ፣ ወደ ፕሮቶኮል ላከው። የፕሮቶኮል ኃላፊው «ቴክኒካዊ ስለሆነ» ብሎ ለቅባት መለሰው። ቅባት «ፖሊሲ ስለሆነ» ብሎ ወደ ላይ ሰደደው። ማክሰኞ ፋኖስ ዘንድ ደረሰ፤ ፀሐፊዋ እንደነገረችኝ የግርጌዋን መስመር ሁለቴ አነበቧት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሦስተኛ አነበቧትና «በየደረጃው ታይቶ ይቅረብልኝ» ብለው ጻፉበት። ረቡዕ ቅጹ ሁለተኛ ዙሩን ጀመረ። ማኅተም በማኅተም ላይ አርፎበታል፤ በአምስት ቢሮ ጣት ከመዳሰሱ የተነሳ በሞራ ራሰ፣ ብርሃን ላይ ቢያነሱት ከፊቱ ጀርባው ይነበባል። ፊርማ ግን የለበትም። እዚያች መስመር አጠገብ ሲደርሱ የሁሉም እጅ ሽባ ይሆናል።

ይህን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከእንግዲህ የጋሼ ፊት የሚተርፈው በእነዚህ ሰዎች ፍርሃት ነው፤ ለእሱ ባልፈሩት ለራሳቸው ፈሩ። ደስታው መጣ፤ ሲመጣ ግን የቢሯቸውን ሽታ ይዞ ነው የመጣው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ጋሼ እጀታውን ይዞ መጣ። ግንባሩ መላጥ ጀምሯል። ወደ ማብሰያው ፓነል አልሄደም፤ ወደ ዋናው ሪሌ ሄደ። ክዳኑን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ጎንበስ አለ፣ ቁጥሯን አነበበ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያቺን ቁጥር ለራሱ ብሎ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው መሰለኝ።

«ስድስት መቶኛ ላይ ናት» አለ። «አልፈረሙም?»

«አልፈረሙም።»

«እሺ ካልፈረሙስ?»

«ቅጽ ካልተፈረመ ማንም አይነካትም። ውሳኔ ነው። እንዳለች ትቆያለች።»

«እስከ መቼ?»

«ከመሐላቸው አንዱ ኃላፊነት እስኪወስድ።»

ጋሼ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያሰበ ይመስለኛል፤ ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ፤ ቅንድብ የሌለው ሰው ሲስቅ ማየት ያስፈራል።

«እንግዲያው ጡረታዬን እደርሳለሁ» አለና እጀታውን ሰካ።

የማብሰያውን ፓነል ከፈተው። ውስጡ ከማሸጊያው የባሰ ነበር።